ኤስቢላክ የቡችላ ወተት ዱቄት፦ መቼ ይገዛል፣ መቼስ አይገዛም

ኤስቢላክ የሚባለውን የቡችላ ወተት ዱቄት የሚያመርተው በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት የሚገኘው ፔት-አግ የተባለ ኩባንያ ነው። እኛ በምንኖርበት፣ በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው፣ የቤት እንስሳት ዕቃ በሚሸጡ ትልልቅ መደብሮች ይገኛል፤ በኢንተርኔት አዝዞ ቤት ድረስ ማስመጣትም ይቻላል። ፍርዴን ከወዲሁ ለማስቀመጥ ያህል፣ ዱቄቱ ለተሠራበት ጉዳይ የሚታመን ምርት ነው፤ ሆኖም ውሻው ስለወለደች ብቻ ሮጦ ጣሳ ለሚገዛ ሰው ሁሉ የሚያስፈልግ አይደለም።

የእኛ ውሻ የላብራዶር ድቅል ስትሆን ዘጠኝ ቡችሎች ወለደች። ውሻ በተለምዶ ከ8 እስከ 10 ጡት ስላላት ቁጥሩ ከጡቱ ጋር የሚጣጣም ይመስላል፤ ነገር ግን ጡቶቹ እኩል ወተት አይሰጡም። ወተት የሚበዛባቸው ወደ ኋላ እግር የሚጠጉት ናቸው፤ እነዚያንም ጉልበተኞቹ ይይዟቸዋል። ሰባቱ በየቀኑ ክብደት ሲጨምሩ፣ አንሰው የተወለዱት ሁለቱ ግን ባሉበት ቆሙ። ይህን ያወቅነው በዓይን ሳይሆን በወጥ ቤት ሚዛን ነው። ጤናማ ቡችላ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የልደት ክብደቱን እጥፍ ማድረስ ስለሚጠበቅበት፣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይጨምር የዋለ ቡችላ ትኩረት ይሻል፤ የቀነሰ ደግሞ ወዲያውኑ እርዳታ ያስፈልገዋል። እንግዲህ ጣሳውን የገዛነው ለእነዚያ ለሁለቱ ነው።

አክስቴ ልትጠይቀን መጥታ ጣሳውን ጠረጴዛ ላይ ባየች ጊዜ፣ «ኧረ ልጄ! ለውሻ ደግሞ የጣሳ ወተት? እናታቸው የት ሄዳ ነው?» ብላ ነበር። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ቀጥላ የሰጠችው ምክር ግን፣ ማለትም የላም ወተት አሙቆ መስጠት፣ አገር ቤት ሁላችንም ስናደርገው ያየነው ቢሆንም አራስ ቡችላን ይጎዳል። በላም ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስብ እያንዳንዳቸው ከመቶ ከ3 እስከ 4 እጅ ገደማ ሲሆኑ፣ የውሻ ወተት በሁለቱም እጥፍና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ በአንጻሩ ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር በላም ወተት ይበልጣል። ስለዚህ የላም ወተት የሚጠጣ ቡችላ ሆዱ ሞልቶ ሰውነቱ ይራባል፤ ተጨማሪው ስኳርም ተቅማጥ ያመጣበታል። ለአራስ ቡችላ ተቅማጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ ፈሳሹን አሟጦ ሊገድለው ይችላል። በኤስቢላክ ጣሳ ላይ የተጻፈው መጠን ፕሮቲን ከ33 በመቶ ያላነሰ፣ ስብ ደግሞ ከ40 በመቶ ያላነሰ ነው። በልኩ ሲበጠበጥ ወደ እናት ውሻ ወተት የሚጠጋው በዚህ ምክንያት ነው።

አበጣበጡ አንድ እጅ ዱቄት ለሁለት እጅ ለብ ያለ ውኃ ነው፤ የሚለካውም በስፍር እንጂ በክብደት አይደለም። ስቡ ብዙ የሆነ ዱቄት ሁሉ በቀዝቃዛ ውኃ ስለሚጓጉል ውኃው ለብ ማለቱ ግድ ነው። እንደ ሕፃን ጡጦ ደጋግሞ መናጥ ግን አይበጅም፤ አረፋው ከወተቱ ጋር ገብቶ የቡችላውን ሆድ ይነፋዋል። ቀስ ብሎ ማማሰልና ለጥቂት ጊዜ እንዲረጋ ማቆየት ይሻላል። ዱቄቱን ለመቆጠብ ማቅጠን ዕድገትን ያጓድላል፤ ቶሎ ይፈርጥሙ ብሎ ማወፈርም ሆድን ያውካል። የተበጠበጠው ወተት በፍሪጅ ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። የሚሞቀውም ጡጦውን ሙቅ ውኃ ውስጥ በማቆም ነው፤ ማይክሮዌቭ አንዱን ጎን አቃጥሎ ሌላውን ቀዝቃዛ ስለሚተወው አይመከርም።

የመጠኑ መመሪያ በአውንስ የተሰላ በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ግር ያሰኛል። ወደምናውቀው መለኪያ ሲመለስ፣ ለእያንዳንዱ 115 ግራም የቡችላ ክብደት በቀን 30 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ለምሳሌ 460 ግራም የሚመዝን ቡችላ በቀን 120 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል፤ ይህ በስድስት ሲከፈል በአንድ ጊዜ 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በመጀመሪያው ሳምንት ከዚያም አጠር ባለ ልዩነት፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ መስጠት ያስፈልጋል። ጡጦውን ለብቻው የሚገዛ ሰው የአንዳንዱ ጡጦ ጫፍ ቀዳዳ ሳይኖረው እንደሚሸጥ ይወቅ። በጋለ መርፌ ቢበሳ በቂ ነው፤ ጡጦው ሲዘቀዘቅ ወተቱ በጠብታ መውረድ እንጂ መንቆርቆር የለበትም።

አመጋገቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጡጦ በሚያድጉ ቡችሎች ላይ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከዱቄቱ ሳይሆን ከአያያዙ ነውና። ሕፃን የለመደ እጅ ቡችላውን በጀርባው አንጋሎ ሊያጠባው ይከጅላል። ቡችላ ግን በሆዱ ተኝቶ፣ ራሱን ትንሽ ቀና አድርጎ፣ ከእናቱ ሥር እንደሚሆነው ሆኖ ነው መጥባት ያለበት፤ አለበለዚያ ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ የሳንባ ምች ያስከትላል። ወተት በአፍንጫው ከወጣ ወዲያው ማቆም፣ መተንፈስ ከከበደው ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። ሌላው ጉዳይ ሙቀት ነው። ሰውነቱ የቀዘቀዘ ቡችላ ወተቱን መፍጨት ስለማይችል መጀመሪያ ቀስ ተብሎ ይሞቃል፣ ከዚያ በኋላ ይመገባል። በመጀመሪያው ሳምንት መንቀጥቀጥ እንኳ ስለማይችል የሚተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን መልካም ነው፤ በአራተኛው ሳምንት ወደ 24 ዲግሪ ገደማ ሊወርድ ይችላል። ማሞቂያው በሳጥኑ አንድ ጎን ብቻ ይሁን፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቦታ ያስፈልጋቸዋልና። እናት የሌላቸው ከሆነ ደግሞ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ለብ ባለ ውኃ በራሰ ጥጥ የሽንታቸውንና የዓይነ ምድራቸውን መውጫ ማሸት ይገባል፤ ሦስት ሳምንት እስኪሞላቸው ድረስ ያለዚያ ሽንታቸውንም ዓይነ ምድራቸውንም በወጉ አያስወጡም።

ኤስቢላክም ሆነ ሌላ ዱቄት ሊተካው የማይችል ነገር አለ፤ እርሱም እንገር ነው። ቡችሎች ከበሽታ የሚከላከልላቸውን ነገር በብዛት የሚያገኙት ከእናታቸው የመጀመሪያ ወተት ሲሆን፣ አንጀታቸው ይህን ተቀብሎ ወደ ደም የሚያሳልፈው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ እናቲቱ በሕይወት እስካለች ድረስ ደካማው ቡችላ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ፣ ጉልበተኞቹን ገለል አድርጎም ቢሆን፣ ጡት እንዲይዝ መደረግ አለበት። ጣሳው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ አክስቴ ጥያቄ ልመለስ። እናታቸው ካለች፣ ጤነኛም ከሆነች፣ ገንዘቡ መዋል ያለበት በእርሷ ሳህን ላይ ነው። የምታጠባ ውሻ ወተቷ በሚበዛበት በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ከወትሮው ምግቧ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ሊያስፈልጋት ይችላል። ለቡችላ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ በብዛትና በተደጋጋሚ ቢቀርብላት፣ ንጹሕ ውኃም ከአጠገቧ ባይጠፋ፣ አብዛኛውን ጊዜ ወተቱ ይበቃል። ለዘጠኙም ጡጦ ይዞ ሌሊቱን ሙሉ የሚንከራተት ሰው እናቲቱ በነጻ የምትሠራውን ሥራ በውድ ዋጋ እየገዛ ነው። ዱቄቱ ዋጋውን የሚያወጣው እናት ስትሞት፣ ጡቷ ሲቆስል፣ ቡችሎቹ ከጡቷ ሲበዙ ወይም እንደ እኛዎቹ ሁለቱ ተገፍተው ሲቀሩ ነው። ሌላም አለ፤ የምታጠባ ውሻ በደሟ ያለው ካልሲየም ወርዶ መቅበጥበጥ፣ መንቀጥቀጥና እግር መገተር ከጀመራት ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለባት፤ ቡችሎቹም ለጊዜው ከጡት ስለሚለዩ ያን ጊዜ ጣሳው ቤት ውስጥ መኖሩ ያሳርፋል።

እኛ ሁለቱን ደካሞች ከእናታቸው ሳንለይ፣ ከጡቷ በተጨማሪ በጡጦ ደግፈናቸው ከወንድሞቻቸው ጋር ተካክለዋል። የተረፈው ዱቄት ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ምግብ ለማስጀመር ጠቀመን፤ በውኃ በጥብጠን የቡችላ ደረቅ ምግብ ስናርስበት እንደ ወፈር ያለ አጥሚት ሆኖ ዘጠኙም ተሻምተው ላሱት፣ ግማሹንም ተጠመቁበት። ከዚህ የተነሣ ለጥቂት ደካሞች ድጋፍ የሚፈልግ ሰው ትንሹን፣ 340 ግራም የሚይዘውን ጣሳ ቢገዛ ይበቃዋል፤ ትልቁ የሚያዋጣው እናት ለሌላቸው ብዙ ቡችሎች ነው። የተከፈተ ጣሳ በደንብ ተከድኖ በፍሪጅ እስከ ሦስት ወር፣ በፍሪዘር እስከ ስድስት ወር ይቆያል። የድመት ግልገሎች ላሉበት ቤት ደግሞ ያው ኩባንያ ኬ-ኤም-አር የሚባል ለድመት የተዘጋጀ ዱቄት ስላለው፣ ሲገዙ ጣሳው ላይ ያለውን ስም አይቶ መለየት ያስፈልጋል።