የልብስ ሰፊ የእንፋሎት ካውያ ወይስ የቤት ካውያ? ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ፣ ከጅማ

ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ የቤት የእንፋሎት ካውያዬ ተሰፍቶ ባለቀ ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ ላይ ቡናማ ውሃ ጠብ አደረገ። በሳሙናም በሎሚም አሸሁት፤ አልለቀቀም። ኮሌታውን ፈትቼ፣ ከተረፈው ጨርቅ አዲስ ቆርጬ፣ እንደገና ሰፋሁ። በዚያ ሰሞን ዩኒፎርም ተቆልሎ ሲጠብቅ አንድ ኮሌታ መፍታት ምን ያህል እንደሚያናድድ ልብስ የሚሰፋ ሰው ያውቀዋል። ጥቅምት 2017 ላይ፣ ከዩኒፎርሙ ባገኘሁት ገንዘብ፣ የውሃ ጠርሙሱ ከላይ የሚንጠለጠለውን የልብስ ሰፊዎች ካውያ ገዛሁ። ዋጋው የቤቱን ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሁለት ዓመት በአንደኛው፣ 14 ወር በሁለተኛው ከሠራሁ በኋላ የታዘብሁትን ልጻፍ።

የምርቱን ስም መጥቀስ ብዙም አይጠቅምም፤ ይህን ቅርጽ ብዙ ፋብሪካዎች ተመሳስለው ያወጡታልና። ወፍራም የብረት ግርጌ፣ ሹል አፍንጫ፣ በእጀታው ላይ አንዲት ቁልፍ፣ ከኋላው ረጅም ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ የውሃ ጠርሙስ። ቁልፏን ስትጫኑ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ ‘ቀጭ’ ብላ ትከፈታለች፤ ውሃው በራሱ ክብደት ወርዶ የጋለው ብረት ውስጥ ባሉት መተላለፊያዎች ሲዞር እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። ፓምፕ የለውም፤ ግፊት የሚጠራቀምበት ጋንም የለውም። የቤቱ ካውያ ደግሞ ውሃውን በሆዱ ይሸከማል፤ የእኔው ሩብ ሊትር ገደማ ይይዝ ስለነበር ኮት እየሠራሁ ሳለ ደጋግሜ እሞላው ነበር።

የኤሌክትሪኩ ነገር መጀመሪያ ግራ ያጋባል። የቤቱ ካውያዬ 2,400 ዋት ነው፤ የልብስ ሰፊው 1,000 ዋት ብቻ። ሻጩ ጋ ቆሜ ‘ይህ ደካማ አይደለም ወይ?’ ብዬ ነበር። አይደለም። የቤቱ ካውያ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይግላል፤ እንፋሎት ሲያወጣ ደግሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ቡናማውን ውሃ ያስተፋውም ይኸው ነው፤ የቀዘቀዘ ብረት ውሃውን በሙሉ ወደ እንፋሎት መለወጥ ስለማይችል፣ የተረፈው ውስጥ ለውስጥ የተጋገረውን ዝቃጭ ይዞ በቀዳዳዎቹ ይወርዳል። ወፍራሙ ብረት ለመጋል ጊዜ ይፈልጋል፤ አንዴ ከጋለ ግን ሙቀቱን አይለቅም። በ220 ቮልት ሲሰላ የቤቱ 11 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ይህኛው 4.5። ከጎረቤት ሱቅ ጋር ቆጣሪ ለሚጋራ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነገር ነው፤ እኔ ሳስተኩስ የጎረቤቴ መብራት መፍዘዙ ቀርቷል።

ሙቀት ሳይደርስ ቁልፉን ከተጫናችሁ ግን ይህኛውም ውሃ ያንጠባጥባል። ‘የባለሙያ ካውያ ውሃ አያንጠባጥብም’ ለሚለው ወሬ ጆሮ አትስጡ። ጠዋት ስሰካው ቢያንስ አምስት ደቂቃ እጠብቃለሁ፤ ከዚያም የመጀመሪያውን እንፋሎት በቁራጭ ጨርቅ ላይ አስወጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የታጠበ ልብስ መተኮስና በስፌት መካከል መተኮስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የታጠበውን ካውያውን ወዲያና ወዲህ እየጎተትን እናስተካክላለን። ስፌት ላይ ግን ካውያው አይጎተትም፤ ይቀመጣል፣ ይጫናል፣ ይነሣል። ከተጎተተ ገና ያልተያያዘውን ጨርቅ ያዛባዋል። ስለዚህ የካውያው ክብደት ራሱ መሣሪያ ነው። ክብደቱ ቀላል በሆነው የቤት ካውያ የሱሪ ስፌት ስከፍት በትከሻዬ እጫን ነበር፤ ማታ ማታ አንጓዬን ያመኝ ነበር። አሁን ብረቱ ራሱ ይጫናል፤ እኔ ማንሣት ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ማንሣቱም ከብዶኝ ነበር፤ በሳምንት ውስጥ ለመድሁት።

ልዩነቱ ጎልቶ የታየኝ የኮት እጅጌ ስገጥም ነው። የእጅጌው ራስ ከሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ ሰፋ ብሎ ይቆረጣል፤ ያ ትርፍ ካልተሰበሰበ ትከሻው ላይ ሸብሸብ ይላል። ሱፍ ከሆነ ትርፉን በእንፋሎት መሰብሰብ ይቻላል። በእጅ ወስውሼ፣ ክሩን ሳብ አድርጌ፣ የካውያውን አፍንጫ ጨርቁን ሳላስነካ ከላይ ይዤ ቁልፉን እጫናለሁ። እንፋሎቱ ሲገባበት ሱፉ ዓይኔ እያየ ይሰበሰባል፤ ሸብሸቡ ይጠፋል፤ ጨርቁ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ እስኪበርድ አልነካውም። በቤቱ ካውያ ይህን ስሞክር እንፋሎቱ በሰፊው ይበተንና እጅጌው ሙሉ ይርሳል፤ አንዳንዴም ጠብታ ይወርድበታል። ቴትሮን ላይ ግን አትልፉ፤ እንዲህ አይሰበሰብም። የቴትሮን እጅጌ ከመጀመሪያው ትርፉ ትንሽ ሆኖ መቆረጥ አለበት።

ኮሌታ ውስጥ የሚገባው ባለ ሙጫ ማጠንከሪያም ሌላው ፈተና ነበር። የቤቱ ካውያ ግርጌ ሰፋፊ ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዳዳው ያረፈበት ቦታ ሙቀትም ክብደትም አይደርሰውም። ያኔ ሲታይ የተጣበቀ ይመስላል፤ ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ኮሌታው እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል። ደንበኛ መልሶ ያመጣብኝ ሸሚዝ ሁሉ ችግሩ ይህ ነበር። በከባዱ ካውያ አሥራ አምስት ሰከንድ ያህል ቆሜ እጫናለሁ፣ አነሣለሁ፣ ግማሽ ካውያ ያህል አልፌ እንደገና እጫናለሁ፤ ቀዳዳው ያረፈበት ቦታ በሁለተኛው ጊዜ ሙሉው ብረት ያርፍበታል። ዘዴው በቤቱ ካውያም ይሠራል፤ የሚያደክመው ክንድን ነው። ጥቁር ጨርቅ ላይ ደግሞ ከካውያው ጋር የመጣውን የቴፍሎን ጫማ አጠልቅለታለሁ፤ ጨርቁ አያብረቀርቅም። ቴፍሎኑ ሙቀት ስለሚቀንስ ማስተካከያውን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከሁሉም በላይ ግን የምወደው ልብሱ ከጠረጴዛው ሲነሣ ደረቅ መሆኑን ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ከተማ ናት፤ ክረምት ላይ ጨርቅ ተሰቅሎ ውሎ እንኳ እርጥበቱ አይለቀውም። እርጥበት የቀረበትን ኮት በላስቲክ ሸፍኖ መስጠት ሻጋታ መስጠት ነው። አሁን ገበሩን በእጄ ጀርባ ስነካው ሙቀት እንጂ እርጥበት አይሰማኝም፤ ጥቂት አንጠልጥዬው ሳይረፍድ ለባለቤቱ አስረክባለሁ።

ስለ ውሃ ዘርዘር አድርጌ ልናገር፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃውን የሚያጣሩ ጥቃቅን ፍሬዎች አሉ። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ኖራ ይዘው ያስቀራሉ። የእኔዎቹ ሲገዙ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነበሩ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ የሻይ ቀለም ይሆናሉ። ሰኔ ላይ ቀለማቸው መለወጡን እያየሁ ‘ይህን ሥራ ልጨርስ’ እያልሁ ሦስት ሳምንት አሳለፍሁ። ቫልቯ ኖራ ያዛትና መዝጋት አቃታት፤ ቁልፉን ሳልነካው እንፋሎት ይወጣ ጀመር፣ ቀጥሎም ውሃ። አንድ የኤሌክትሪክ ጠጋኝ ፈታትቶ የቫልቯን የብረት ክፍል በሎሚ ጭማቂ ዘፈዘፈው፤ ለቀቀላት። አዲሱን ፍሬ ግን ከአዲስ አበባ መርካቶ ማስመጣት ነበረብኝ። 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዕቃው እስኪደርስ አምስት ቀን በድሮው ካውያ ሠራሁ። ስለዚህ ካውያውን ስትገዙ ትርፍ ፍሬ አብራችሁ ግዙ፤ እኔ አሁን ሁልጊዜ አንድ ከረጢት በመደርደሪያዬ አለ።

የዝናብ ውሃ ኖራ የለውም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከቆርቆሮው የሚወርደውን እጠቀማለሁ፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ ካለፈ በኋላ የሚወርደውን ብቻ አጠራቅሜ፣ አስተኝቼ፣ በነጠላ አጥልዬ። እንደዚያም ሆኖ በፍሬዎቹ በኩል ያልፋል። ‘የባትሪ ውሃ’ ልትገዙ ከሆነ ግን እባካችሁ ተጠንቀቁ። በዚህ ስም የተጣራ ውሃም ይሸጣል፣ አሲድም ይሸጣል። አሲዱ ካውያውን ይበላል፣ ልብሱን ይበላል፣ እጃችሁንና ዓይናችሁንም ያቃጥላል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትቅዱ።

ጠርሙሱ ከካውያው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት፤ ዝቅ ካለ እንፋሎቱ ይደክማል። የእኔ ሱቅ ሂርማታ አካባቢ ያለ የጭቃ ቤት ነው። መጀመሪያ ምስማሩን ግድግዳው ላይ መታሁት፤ በሦስተኛው ቀን ጭቃውን ይዞ ወረደ፣ ጠርሙሱም ተሰነጠቀ። አሁን ከጣሪያው ማገር ላይ በሽቦ ታስሯል።

መብራት መጥፋቱ ሌላው ነው። ጊልገል ጊቤ ግድብ ለእኛ ጎረቤት ነው፤ መብራቱ ግን ይሄዳል ይመጣል። ይህ ካውያ ራሱን አያጠፋም። አንድ ሐሙስ፣ ገበያው በደራበት ቀን፣ መብራት ሄደና ክር ልገዛ ወጣሁ። ተለማማጄ ካውያውን ማስቀመጫው ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ የተነጠፈው ብርድ ልብስ ላይ አስተኝታው ነበር፤ ለምን ታስባለች፣ ብረቱ ቀዝቅዟል፣ መብራትም የለም። ስመለስ መብራቱ መጥቶ ኖሮ ከበሩ ጀምሮ የተቃጠለ የሱፍ ሽታ ተቀበለኝ። ብርድ ልብሱ ላይ የካውያ ቅርጽ ጠቁሮ ወጥቷል፣ ጭስ ይወጣል፤ ብዙም ሳይቆይ እሳት ይሆን ነበር። ልጅቷን አልተቆጣኋትም፤ መንቀል የነበረብኝ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት ሲሄድ ክር ከመቁረጣችን በፊት ሶኬቱ ይነቀላል። ይህን አስፈላጊ ባሕርይ አንዳንድ የቤት ካውያዎች ይዘውታል፤ ሳይንቀሳቀሱ ከቆዩ ራሳቸውን ያጠፋሉ። በዚህ ነጥብ ያለ ጥርጥር ይበልጣሉ።

ቮልቴጅ ሲወርድም ይታወቃል። ከ220 ወደ 180 ከወረደ 1,000 ዋት የነበረው ወደ 670 ገደማ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ቁልፉን ሁለት ሰከንድ ተጭኜ፣ ለቅቄ፣ ብረቱ እስኪያገግም እጠብቃለሁ።

ጋን ያለውን፣ በግፊት የሚሠራውን ትልቁን ካውያ ለምን አልገዛሁም? እንፋሎቱ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ የብረቱ ሙቀት ዝቅ ቢልም ደረቅ እንፋሎት ይሰጣል። ነገር ግን ጋኑ እስኪፈላ መጠበቅ አለ፤ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ጥበቃው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ብዙ መብራትም ይበላል። ግፊቱ ሳይወጣ ክዳኑን የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል፤ ተለማማጆች ባሉበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይህን አልደፈርሁም።

በወር አንድ ሁለት ልብስ በቤቷ ለምትሰፋ እህት የልብስ ሰፊውን ካውያ ግዢ አልልም። ጥሩ የቤት ካውያ፣ ንጹሕ ውሃ፣ እርጥብ ነጠላና ትዕግሥት ይበቋታል። እንዲያውም ውሃውን ጨርሶ አፍስሳ፣ ካውያውን ደረቁን አግላ፣ በእርጥብ ነጠላ ላይ ብትጫን ከአብዛኛው የቤት እንፋሎት የተሻለ ስፌት ታገኛለች። ሙሉ ቀን ለሚሰፋ፣ ኮትና ሱሪ ለሚሠራ ግን መዘግየቱ ኪሳራ ነው፤ እኔም ሁለት ዓመት ዘገየሁ። የድሮውን ካውያ አልሸጥሁትም። ያለ ውሃ፣ ደረቁን፣ ተለማማጄ የዩኒፎርም ኪስ ታጥፍበታለች።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚሁ ከተማ በርጩማ የሚሠራ አንድ አናጺ ዘንድ ሄጄ፣ በመዳፍ የሚያዝ፣ ጠርዙ የተሞረደ የዋንዛ ግንድ ቁራጭ አሠራሁ። ቫርኒሽ ሊቀባው ሲል ‘ተው ወንድሜ፣ ባዶውን ስጠኝ’ አልሁት፤ ቀለም የተቀባ እንጨት በእንፋሎት ይለቅና ጨርቁን ያበላሻል። ስፌቱን በእንፋሎት መትቼ ካውያውን ወዲያው አነሣለሁ፣ እንጨቱን እጫንበታለሁ፣ እስከ ሃያ እቆጥራለሁ። እንጨቱ እርጥበቱን ይጠጣል፣ ጨርቁም ተኝቶ ይበርዳል። የሱፍ ኮት ጠርዝ እንዲህ ስለት ሆኖ ሲወጣ ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው፤ የአናጺው ዋጋ ደግሞ ከአንድ ሸሚዝ ማሰፊያ ያነሰ ነበር።