የቅናሽ ወረቀቱ ቀኑን ሸፍኖ ከሆነ አትግዙት

ወገን፣ በተለይ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ስታዲየምና ሜክሲኮ አካባቢ ከሥራ መልስ ሱፐርማርኬት ጎራ የምትሉ፣ ይችን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ሰሞኑን «አንድ ሲገዙ አንድ ነፃ» የተባለ ዕቃ በየመደርደሪያው ጫፍና ካሸሯ አጠገብ ተቆልሏል። ኑሮ እንዲህ ጣሪያ በነካበት ጊዜ ቅናሽ ሲባል ማን ዓይኑን ይመልሳል? እኔም አልመልስም፤ ቅናሽ ፈልጌ የምዞር ሰው ነኝ። ቅናሽ አትግዙ እያልኩ አይደለም። የታሰረውን ሳታስፈቱ፣ የተለጠፈውን ሳታነሱ አትክፈሉ ነው የምለው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። መሀል ከተማ ያለ አንድ ሱፐርማርኬት ነው፤ ስሙ ይቅር። ሁለት ካርቶን ኮርንፍሌክስ ጎን ለጎን ሆኖ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ከላዩ በሰፊ ፕላስተር ታስሯል። የአንደኛው ቀን ፊት ለፊት ይነበባል፤ ገና ወራት ይቀሩታል። የሁለተኛው ግን ቀኑ ያለበት ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ከመጀመሪያው ጀርባ ጋር ተጣብቋል። ላስቲኩ ካልተቀደደ በምንም ተአምር አይታይም። ዕቃ የሚደረድረውን ልጅ «ወንድሜ፣ እስቲ ፍታልኝና ልየው» ስለው «ከተፈታ ቅናሹ ይቀራል» አለኝ። ኃላፊው ተጠርቶ መጣ፣ ተፈታ። ነፃ የተባለው ካርቶን ጊዜው ካለፈ ወር አልፎታል። ኃላፊው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ እሱ እኮ ነፃ ነው፤ የከፈሉት ለአንዱ ነው።»

ነፃ! የጥምሩ ዋጋ ማዶ ካለው ሱቅ የአንዱ ካርቶን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ነፃ የተባለው ዋጋው ቀድሞ ተደምሮበታል ማለት ነው። ባይደመርበትስ? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ለሽያጭ ማቅረብን ይከለክላል። ከሚሸጥ ዕቃ ጋር አስሮ መስጠት ከዚህ የሚያስመልጥ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ዘዴ ከዚህም የቀለለ ነው። «ቅናሽ» የሚለው ቢጫ ወይም ቀይ ወረቀት ልክ ቀኑ ላይ ይለጠፋል። ሳያስቡት የለጠፉት ሊኖር ይችላል፣ አልክድም። ግን አንድ መደርደሪያ ላይ ያለው ዕቃ በሙሉ እዚያው ቦታ ላይ ከተለጠፈበት ምን ይባላል? በጥፍራችሁ ጫፉን ያዙና አንሱት፤ የሚከለክላችሁ የለም። ከሥሩ ቀለሙ የተፋቀ ወይም የደበዘዘ ቁጥር ካገኛችሁ፣ ወይም ሌላ ቀን የታተመበት ሁለተኛ ወረቀት ካለ፣ መልሱትና ሂዱ።

ቀኑ ቢታይም ማንበቡ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አገር ውስጥ የሚመረተው አንዳንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዳንዱ በፈረንጆቹ ያትማል። ወሩ «10» ከሆነ በእኛ ሰኔ ነው፤ በእነሱ ግን ኦክቶበር፣ ከመስከረም 21 ገደማ እስከ ጥቅምት 21 ገደማ ያለው ወር። ከዚህ የባሰው ደግሞ ቀንና ወር የሚቀያየርበት ነው። 04/09/2026 የሚል አያችሁ እንበል። ዕቃው ከአሜሪካ ከሆነ ወሩ ይቀድማል፤ ስለዚህ ኤፕሪል 9፣ በእኛ ሚያዝያ 1 ቀን 2018 ነው። ከአውሮፓ ከሆነ ቀኑ ይቀድማል፤ ሴፕቴምበር 4፣ በእኛ ነሐሴ 29። አምስት ወር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ልዩነት ነው፣ ሻጩም የሚነግራችሁ ሁልጊዜ የሩቁን ነው። የተመረተበትን ቀን አብራችሁ እዩ። ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ከ12 ከበለጠ ቀኑ እሱ ነው፣ አጻጻፉ ተገለጠላችሁ ማለት ነው።

ከውጭ በገባ ዕቃ ላይ «ቤስት ቢፎር» የሚለው ጥራቱን የሚመለከት ነው፤ እስከዚያ ቀን ጣዕሙና ቃናው እንደነበረ ይቆያል ለማለት። «ዩዝ ባይ» ግን ጨዋታ የለውም፣ ከዚያ ቀን በኋላ አይበላም። ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት የቀረው ፓስታ፣ ሩዝ ወይም ብስኩት በግማሽ ዋጋ ካገኛችሁ እሰየው፣ እኔም እገዛለሁ። የሕፃናት ዱቄት ወተት ግን በቅናሽ አይነካም። ጊዜው ሲያልፍ ጣሳው ላይ የተጻፈው የቪታሚን መጠን እንዳለ ስለመቆየቱ ዋስትና የለም፤ ሕፃኑ ደግሞ ሌላ የሚበላው የለውም።

የቀዝቃዛው ክፍል ሌላ ጉድ ነው። መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ቀልጦ እንደገና የበረደ ዶሮ ያስታውቃል፦ ከላስቲኩ ሥር በአንድ በኩል ብቻ ቀላ ያለ በረዶ ተጠራቅሞ ይገኛል፣ ዶሮውም ከተኛበት ጎን ጠፍጣፋ ሆኖ ይደርቃል። አይስክሬም ከሆነ ክዳኑን ሳትከፍቱ ነቅነቅ አድርጉት፤ መጠኑ ጎድሎ አሸዋ የመሰለ በረዶ ካንኮሻኮሸ ተዉት። እነዚህ ላይ የታተመው ቀን ምንም አያድናችሁም። ቀኑ የተሰላው ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ ይቆያል ተብሎ ነው። የተፈጨ ሥጋ በቅናሽ? እኔ በበኩሌ አልገዛም። ሲፈጭ ከላይ የነበረው ጀርም ሁሉ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከሙዳው ሥጋ ቶሎ ይበላሻል።

የቆርቆሮ ዕቃ ክዳኑ ወይም ሥሩ ከተነፋ በነፃም ቢሰጣችሁ አትውሰዱት። ቦቱሊዝም የሚባለው መመረዝ ነርቭን ይዞ መተንፈስ እስከማቆም ያደርሳል፤ ክፋቱ ደግሞ ምግቡ ሳይሸት፣ ጣዕሙም ሳይለወጥ ሊኖር መቻሉ ነው። ጎኑ ትንሽ የተጎደጎደ ያን ያህል አያስፈራም። ጉድጓዱ ስፌቱ ላይ ወይም ክዳኑ ጠርዝ ላይ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ እውነተኛ ቅናሽም አለ። ቅበላ አልፎ ሁዳዴ ሲገባ ወተት፣ እርጎና አይብ የሚገዛው ሰው ስለሚቀንስ ዋጋው ይወርዳል። ለማይጾም ሰው ወይም ሕፃናት ላሉበት ቤት ይህ ምንም ተንኮል የሌለበት ዕድል ነው። የላስቲኩን ወተት ግን በእጃችሁ ያዙት፦ መቀዝቀዝ አለበት፣ ላስቲኩም መነፋት የለበትም። ማታ ሊዘጉ ሲሉ ዋጋው የሚቀነስ ዳቦም እንዲሁ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ ደግሞ፣ በቀይ የተሰረዘውን «የቀድሞ ዋጋ» እርሱት፤ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ክብደቱን እዩ። ለምሳሌ 500 ግራሙ 400 ብር ከሆነና 350 ግራሙ «በቅናሽ» 300 ብር ቢባል፣ ኪሎው በመጀመሪያው 800 ብር፣ በሁለተኛው ከ857 ብር በላይ ነው። ቅናሹ የቱ ጋ ነው? አትክልትና ፍራፍሬ ከሆነማ የእሁድ ገበያን ወይም የሸማቾች ማኅበር ሱቅን ዋጋ ሳትጠይቁ ሱፐርማርኬት ውስጥ «ቅናሽ» ሲባል አትደሰቱ።

ካሸሯ ጋ ስትደርሱ ስክሪኑን ተመልከቱ። መደርደሪያው ላይ ያለው ቅናሽ ማሽኑ ውስጥ ያልገባበት ጊዜ ብዙ ነው፤ «ሲስተሙ አላነበበውም» ትላለች፣ ከኋላ የተሰለፈው ያጉረመርማል፣ እናንተም ይሉኝታ ይዟችሁ ትከፍላላችሁ። አትክፈሉ! ወይ በተለጠፈው ዋጋ ይታረም፣ ወይ ዕቃው ይቅር። «የቅናሽ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍም ግድግዳ ላይ ታያላችሁ። ያው አዋጅ 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ለዚህ ደረሰኝ ያስፈልጋችኋል፤ የማሽኑን ተቀበሉ፣ በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ይዛችሁ እንዳትወጡ።

ጊዜው ያለፈበት ምግብ ሲሸጥ ካያችሁ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር 8482 ነው። የዋጋና የደረሰኝ ጉዳይ ከሆነ የወረዳችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ከመደወላችሁ በፊት ዕቃውን ቀኑ፣ የባች ቁጥሩ (የምርት ዙሩ መለያ) እና የቅናሽ ወረቀቱ አብረው እንዲታዩ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት፤ ተቆጣጣሪ እስኪደርስ መደርደሪያው ሊጸዳ ይችላል።