የእናቴ መንደር የእጅ ፓምፕ፦ ከ5 ኮከብ 4

ሰው ሆቴልና ስልክ ይገመግማል፣ እኔ ደግሞ ዛሬ የውሃ ጉድጓድ ልገምግም። ቦታው ጎጃም ነው፣ ወረዳውን ግን አልጠራም፤ ምክንያቱ ወደ ታች ይገባችኋል።

ውሃው ጥሩ ነው። ንጹህ፣ ቀዝቃዛ፣ ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን ስታደርገው ዱብ ይላል። ከዚህ በፊት እናቴ የምትቀዳው ከብቱም ከሚጠጣበት ምንጭ ነበር።

ግን ኮከቡን ያበዛሁት ብሩ ለመጣበት መንገድ ነው። የለመድነውን ታውቁታላችሁ፦ በላይ ይታቀዳል፣ በላይ ይጸድቃል፣ ኮንትራክተር መጥቶ ቆፍሮ ይሄዳል፣ ፓምፑ ሲበላሽ ደግሞ የመንግሥት ነው ተብሎ ሁሉም ዞር ይላል። ይሄኛው የተሠራው ኮዋሽ በሚባለው፣ የኢትዮጵያና የፊንላንድ መንግሥታት በ2003 ዓ.ም. በጀመሩት ፕሮግራም ነው። መንደሩ ራሱ ያመለክታል፣ የወረዳ ባለሙያ መጥቶ ቦታውን ያያል፣ ወረዳው ያጸድቃል፣ ከዚያ ብሩ በውሃ ኮሚቴው ስም አብቁተ ይገባል (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ አሁን ፀደይ ባንክ ሆኗል)። ሲሚንቶ የሚገዛው፣ ቆፋሪ የሚቀጥረው ኮሚቴው ነው። መንደርተኛው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉልበት ያዋጣል፣ የጥገና ብር ደግሞ ቁፋሮው ሳይጀመር ይቆጥባል።

መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። ይበሉታል ነው ያልኩት። ገንዘብ ያዧ ፊደል አልቆጠረችም፣ ግን ስንት ኩንታል ሲሚንቶ በስንት እንደተገዛ፣ ሻጩን ተከራክራ ስንት እንዳስቀነሰች ሁሉ በቃሏ ትዘረዝርልሃለች። አፈርኩ።

በነገራችን ላይ ከተማ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። የውሃ ሀብት ልማት ፈንድ ለከተሞች ያበድራል፣ የከተማው ውሃ አገልግሎት ከታሪፍ ሰብስቦ ይመልሳል። ያለሁበት ከተማ ውሃው በፈረቃ ነው፣ ቢሉ ግን ፈረቃ የለውም።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት በመለዋወጫ ነው። አፍሪዴቭ የሚባለው ፓምፕ መንደርተኛው ራሱ ፈትቶ እንዲጠግነው ታስቦ የተሠራ ነው፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ውስጡ ያለችው ጎማ ስታልቅ ከየት ይገዛል? ለግንባታ በጀት ይጸድቃል፤ ጎማዋን ወረዳ ድረስ ስለሚያመጣት ሰው ያሰበ የለም። አምና ጎማዋ ተበልታ ከወር በላይ ወደዚያው ምንጭ ተመለሱ። ብር አላጡም፣ ቁጠባው ባንክ ቁጭ ብሏል። ወረዳ ሲጠየቅ መልሱ "የለንም፣ ጠብቁ" ነበር። መጨረሻ ላይ እኔው ባሕር ዳር ስዞር ውዬ አገኘሁና በአውቶብስ ላኩላቸው። ለጎማዋ ከከፈልኩት ለባጃጅ የከፈልኩት ይበልጣል።

በሳምንቱ ገንዘብ ያዧ ደወለች። ሁለት ትርፍ ጎማ ግዛልን፣ ብሩን ልከናል አለች። ልዘጋው ስል ደግሞ "ያኛውንም ጨምሮ ደረሰኙን እንዳትረሳ!"