ለጨረቃ ግርዶሽ የማይሆን ትራይፖድ

ይህን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ከገዛሁት ወራት ተቆጥረዋል። ለሰርግም ሆነ ለምርቃት ፎቶ አላሳፈረኝም። ጉዱ የወጣው ጳጉሜ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በተጋረደችበት ምሽት፣ ሐረር ፈረስ መጋላ አጠገብ ካለ ሰገነት ላይ ነው።

የታላቁን ጀሚዕ መስጊድ ሁለት ሚናሬቶችና ጨረቃን አንድ ላይ በ35 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ካሜራውን ወደ ጎን አቁሜ አነሳሁ፤ አማረ። ከዚያ የጨረቃዋን ፊት ብቻ በቅርብ ለማንሳት 300 ሚሊሜትሩን ረጅም ሌንስ ሰካሁ። ግርዶሹ ከምሽቱ 1:27 ሲጀምር ብርሃኗ ገና ብዙ ስለነበር ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) በቅጽበት ይዘጋል፤ ጉድለቱም አይታወቅም። ከ2:30 በኋላ ግን ጨረቃ ሙሉ በሙሉ በምድር ጥላ ውስጥ ገብታ፣ በከባቢ አየራችን ውስጥ ተሰብሮ በሚደርሳት ቀይ ብርሃን ብቻ ስለምትታይ፣ ሹተሩ አንድ ሰከንድ ያህል ክፍት መቆየት አለበት። ትራይፖዱ የከዳኝ እዚህ ላይ ነው። የጭንቅላቱን (ካሜራው የሚታሰርበትን የላይኛውን ክፍል) ማጥበቂያ እጄን እስኪያመኝ ባጠብቀውም፣ ካሜራውን እንደለቀቅኩት አፍንጫው ቀስ እያለ ወደ ታች ያዘነብላል፤ ስክሪኑን አጉልቼ ስመለከት የጨረቃዋ ጠርዝ ወደ ላይ ሲንሸራተት በዓይን ይታያል። 82 ደቂቃ የቆየው ሙሉ ግርዶሽ ካሜራ ሳቃና አለቀ።

ሻጩ «እስከ 10 ኪሎ ይሸከማል» ብሎኝ ነበር። ይሸከማል፤ አይወድቅም፣ አይሰበርም። ነገር ግን መሸከም ሌላ፣ ሳያነቃንቁ መያዝ ሌላ ነው፤ የኔ ካሜራ ከነሌንሱ ደግሞ ከ10 ኪሎው ሩቡን እንኳ አይመዝንም። «የተንቀሳቀሰችው ጨረቃዋ ናት» የሚለኝም ይኖራል። ጨረቃ የራሷን ስፋት ያህል ሰማይ ላይ ለመጓዝ ሁለት ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅባት፣ በአንድ ሰከንድ የምትሄደው ፎቶን እንዲህ አያበላሽም። ደግሞም ሌንሱን ወደ ሚናሬቱ መብራት ባዞረውም መብራቱ እንደ ክር ተስቦ ወጣ። መብራት አይወጣም፣ አይጠልቅም።

ከባዱን ዋጋ የከፈልኩት ለዚሁ ጭንቅላት በመሆኑ እስካሁን ይቆጨኛል። ረጅም ሌንስ ላለው ሰው ይህን ዕቃ ግዛ አልልም። ነሐሴ 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ከንጋቱ 11:33 ጀምሮ ከፊል ግርዶሽ አለ፤ ጨረቃ በምዕራብ በኩል ዝቅ ብላ፣ ጥላው ሳይለቃት ስለምትጠልቅ፣ ከኤረር በር (በምሥራቅ በኩል ካለው የሐረር ግንብ በር) ወገን ለቆመ ሰው ከተማውና ጨረቃ በረጅም ሌንስ አንድ ፎቶ ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ለዚያ ማለዳ እግሮቹን ሳልቀይር፣ በማርሽ የሚዞር ሌላ ጭንቅላት እገጥምበታለሁ።