ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15፦ ለከባድ ሥራ ይበቃል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ለኩ

ጌም የሚጫወቱበት ኮምፒውተርና ሌሊቱን ሙሉ ሬንደር የሚያደርግ (ባለ ሦስት ገጽታ ምስል የሚያሰላ) ኮምፒውተር ከማቀዝቀዣ የሚፈልጉት አንድ አይደለም። ጌም ላይ ጫናው በአብዛኛው የሚያርፈው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ የብሌንደር ሬንደር፣ የቪዲዮ ኢንኮዲንግ ወይም የትልቅ ፕሮግራም ኮምፓይል ግን የፕሮሰሰሩን ኮሮች (የሥራ ክፍሎች) ሁሉ ያለ ፋታ ያሠራል። የኖክቱዋ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ የሆነው ኤንኤች-ዲ15 መመዘን ያለበት በዚህኛው ነው፤ በዚህ ሚዛንም እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቶ እስካሁን ከጥሩዎቹ የአየር ማቀዝቀዣዎች ተርታ አልወረደም።

ሁለት የአሉሚኒየም ማማዎች፣ ስድስት የመዳብ ቱቦዎችና ሁለት ባለ 140 ሚሊሜትር ፋኖች አሉት። ቱቦዎቹ ውስጥ ያለው ጥቂት ፈሳሽ ፕሮሰሰሩ ጋ ይተናል፣ ክንፎቹ ጋ ሲደርስ ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፣ በቱቦው የውስጥ ግድግዳ ተስቦም ወደ መነሻው ይሄዳል። እንደ ውሃ ማቀዝቀዣዎች ፓምፕ የለውም፣ ውሃ የሚያፈስ ጎማ የለውም፤ የሚንቀሳቀሰው ፋኑ ብቻ ነው፣ እሱም ለብቻው ይቀየራል። ዋስትናው 6 ዓመት ነው። ፋኖቹ ጥግ ሲደርሱ በደቂቃ 1500 ዙር ይሽከረከራሉ፤ ያኔም የሚሰማው የአየር ንፋስ እንጂ የሞተር ጩኸት አይደለም። ቡናማ ቀለማቸውን ለማይወድ ክሮማክስ የሚባለው ጥቁሩ ዓይነት አለ።

ራስ ምታቱ ግዝፈቱ ነው። ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ስለሆነ ኬዙ «እስከ 160 ሚሊሜትር» የሚል ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ፊተኛው ፋን ከራሞቹ (ከሜሞሪ ካርዶቹ) በላይ ስለሚያርፍ ከሥሩ የሚተርፈው 32 ሚሊሜትር ብቻ ነው። 44 ሚሊሜትር የሚረዝም መብራት ያለው ራም ለመግጠም ፋኑን 12 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ ግን ጠቅላላ ቁመቱ 177 ይሆናል። ፊተኛውን አውልቆ በመሃለኛው ፋን ብቻ መሥራትም ያስኬዳል፤ ለራም 64 ሚሊሜትር ይለቃል፣ የሚጨምረው ሙቀትም ጥቂት ዲግሪ ነው። አንዳንድ ማዘርቦርድ ላይ ደግሞ የላይኛውን የካርድ ማስገቢያ ይጋፋል። ለእንዲህ ዓይነቱ ቦርድ ወደ አንድ ጎን ያደላው ኤንኤች-ዲ15ኤስ ይሻላል።

ገጠማው እንደ መጠኑ አያስፈራም። ኤኤም4 እና ኤኤም5 በሚባሉት የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ሶኬቶች ላይ የማዘርቦርዱን የራሱን የጀርባ ሳህን ይጠቀማል፤ ከፊት ያሉት ፕላስቲኮች ተፈትተው በእነሱ ፋንታ ብረቶቹ ይታሰራሉ። ኤኤም4 ላይ ፕላስቲኮቹ ሲፈቱ ሳህኑ ስለሚወድቅ በእጅ ደግፉት። ለኤኤም5 ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መሃል ላይ 4 ሚሊሜትር የምታክል አንድ ጠብታ ትበቃለች፤ የፕሮሰሰሩ ክዳን ጠርዙ ገባ ወጣ ስለሚል የተረፈው እዚያ ገብቶ ለማጽዳት ያታክታል። ረዘም ላለው የኢንቴል ኤልጂኤ1700 ሶኬት ፕሮሰሰር ክዳን አራት ትናንሽ ነጥብ ወደ ማዕዘኖቹ፣ አንድ ከፍ ያለ ነጥብ መሃል ላይ። ከዚያ የመሃሉን ፋን አውልቁ፤ ሁለቱ ብሎኖች የሚደረስባቸው በእሱ ቦታ ነው፣ ረጅም ካቻቢቴም ያስፈልጋል። አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ሂትሲንኩን (የማቀዝቀዣውን ብረት) ያንጋድደዋል፣ ፔስቱም ባንድ ወገን ይሳሳል፤ ሁለት ሁለት ዙር እያፈራረቁ እስኪቆም ማጥበቅ ነው። ልኩን ስፕሪንጉ ስለሚጠብቅ ከቆመ በኋላ መታገል አያስፈልግም። ሁለቱም ፋኖች ወደ ኬዙ ጀርባ መንፈሳቸውን እዩ፤ አንዱ ከተገለበጠ እርስ በርስ ይገፋፋሉ።

እስከ 142 ዋት ለሚወስድ ፕሮሰሰር ይህ ማቀዝቀዣ ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ግን ጥያቄው ከማቀዝቀዣው ወደ ባዮስ (ወደ ማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ይዞራል። የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ራይዘን 9 7950ኤክስ ማስተካከያው ሳይነካ እስከ 230 ዋት ይወስዳል፤ 95 ዲግሪ የሚደርሰውም ማቀዝቀዣው ደክሞ ሳይሆን እዚያ እስኪደርስ ፍጥነት እንዲጨምር ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ሙቀቱ የሚወጣው ከጥቂት ካሬ ሴንቲሜትር በማይበልጥ ሲሊከን ስለሆነ ብረት መጨመር ብቻውን አይፈታውም። ኢኮ ሞድን (የፍጆታ መቀነሻውን) 105 ዋት ላይ ማድረግ ትክክለኛውን ፍጆታ ወደ 142 ዋት ያወርዳል፤ የሚጠፋው ፍጥነት ጥቂት ነው፣ የሚወርደው ሙቀት ብዙ። ኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ላይ ቀድሞ የሚታየው ማዘርቦርዱ የ253 ዋቱን ገደብ ማክበሩ ነው። ገደቡ ተነስቶ 300 ዋት ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ 100 ዲግሪ ይነካና ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያንን ዲ15 አይችለውም፣ ባለመቻሉ መውቀስም አግባብ አይደለም።

የፕሮሰሰር መፈተሻ ፕሮግራሙን ሲኒቤንችን አንድ ዙር አሂዶ መፍረድ አይቻልም፤ ይህ ሁሉ ብረት እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ለ30 ደቂቃ አሠርታችሁ በኤችደብሊውኢንፎ (የኮምፒውተር መከታተያ ፕሮግራም) ሙቀቱን፣ ዋቱንና የኮሮቹን ፍጥነት አብራችሁ ተመልከቱ። ዋቱ መጠነኛ ሆኖ ሙቀቱ በሰከንዶች ውስጥ 90 ከዘለለ ችግሩ የግንኙነት ነው፦ ፔስቱ አልተዳረሰም ወይም ብሎኑ አልጠበቀም። በዝግታ እየወጣ ከ10 ደቂቃ በኋላም መውጣቱን ካላቆመ የኬዙን አየር ጠርጥሩ። ማረጋገጫው የጎን ክዳኑን መክፈት ነው። ሙቀቱ 5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከወረደ ሌላ ማቀዝቀዣ ከመግዛት ከፊት ሁለት አስገቢ፣ ከኋላ አንድ አስወጪ ፋን መጨመር ይሻላል። ፋኖቹ ከፍ ዝቅ እያሉ ካስቸገሩ ባዮስ ውስጥ ለውጡን በ3 ሰከንድ አዘግዩት።

ሌላው የአየር ማቀዝቀዣ ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ዋጋው በጣም ያነሰ ሆኖ ከዲ15 የሚለየው በጥቂት ዲግሪ ነው፤ ቁመቱም 155 ሚሊሜትር። ከ150 ዋት በታች ለሚወስድ ፕሮሰሰር እኛ ያኛውን እንመርጣለን። ዲ15 የሚያዋጣው ረጅም ሥራና ጸጥታ አንድ ላይ ለሚፈልግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዲ15 አዲሱ ዓይነት ጂ2 ስምንት ቱቦና 168 ሚሊሜትር ቁመት አለው፤ ነባሩ ያለው ሰው ግን ለእሱ ሲል አይጣለው።

ከነፋኖቹ 1320 ግራም ስለሚመዝን ኮምፒውተሩ ረጅም መንገድ ሲጫን ማውለቅ ይሻላል። ኤኤም4 ላይ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን 10 ደቂቃ አሠርቶ ፔስቱን ማለስለስ፣ አጥፍቶ ገመዱን መንቀል፣ ከዚያ ሂትሲንኩን ግራና ቀኝ በትንሹ እያዞሩ ማላቀቅ። ቀጥ ብሎ ከተሳበ ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ አብሮ ይመጣል፣ እግሮቹም ሊታጠፉ ይችላሉ።