የድሮ ፎቶ ልትገዙ ነው? ዳጌሮታይፕ፣ አምብሮታይፕ፣ ቲንታይፕ ወይስ ወረቀት

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተነሱ ለየት ያሉ የሰው ፎቶዎችን መሰብሰብ የጀመረ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ዋጋው ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ምስሉ ምን ላይ እንዳረፈ እዩ እላለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁሉም ታላቅ ዳጌሮታይፕ ነው። በ1839 ፓሪስ ላይ ይፋ ሆነ። ብር የተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ስለሆነ ስታዩት የራሳችሁን ፊትም ያሳያችኋል። ዘንበል ስታደርጉት ብሩህ የነበረው ይጨልማል፣ የጨለመው ይበራል። መለያው ይሄ ነው። በጥራቱ የሚደርስበት የለም፤ በአጉሊ መነጽር የልብሱን ስፌት ሳይቀር ታያላችሁ። ግን ውድ ነው፣ ስስም ነው። ላዩን በጨርቅ ከጠረጋችሁት ምስሉም አብሮ ይሄዳል። ሻጩ «አጽድቼዋለሁ» ካላችሁ እለፉት።

አምብሮታይፕ በ1850ዎቹ አጋማሽ የመጣ የመስታወት ፎቶ ነው። ምስሉ በደንብ የሚታየው ከኋላው ጥቁር ነገር ሲኖር ነው። የኋላው ቀለም ሲላጥ ፊቱ የተበላሸ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምስሉ ደህና ነው። ይህን የሚያውቅ ገዢ በጥሩ ዋጋ ይገዛል። በፖስታ ማስላኩ ግን ያሳስባል።

ቲንታይፕ ጥቁር የተቀባ ስስ ብረት ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1856 ፓተንት ወጣለት። በመስታወት የተከደነ ማሸጊያው ውስጥ እንዳለ ከአምብሮታይፕ ጋር ያምታታል፤ ትንሽ ማግኔት ጠጋ አድርጉበት። ጠላቱ ዝገት ነው። ርካሽና የማይሰበር ስለነበር ፎቶ አንሺዎች በየባዛሩና በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ በየወታደር ሰፈሩ ይዘውት ዞረዋል። ጉዱ ሁሉ ያለውም እዚህ ነው፦ መዶሻውን ይዞ የተነሳ አንጥረኛ፣ ለካሜራ የሚቀልዱ ጓደኛሞች፣ ሕፃኗ እንዳትነቃነቅ ጨርቅ ተከናንባ ከኋላ የያዘቻት እናት።

ከላይ ያሉት ሦስቱ ቅጂ የላቸውም። የወረቀት ፎቶ ግን ከአንድ ኔጋቲቭ ደጋግሞ ይታተማል። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1868 እንግሊዝ ውስጥ ያነሳችው የልዑል ዓለማየሁ ምስል ከአንድ በላይ ቦታ የሚገኘው ለዚህ ነው። ካርት ደ ቪዚት፣ ማለትም 6 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ካርቶን ላይ የተለጠፈ የወረቀት ፎቶ፣ ለጀማሪ ኪስ ይመቻል። ጀርባውን ገልብጡ፤ የስቱዲዮው ስምና ከተማ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አለ። የአሜሪካ የቀረጥ ቴምብር ካለበት ደግሞ ከ1864 እስከ 1866 ባለው ጊዜ የተሸጠ ነው።

ገዢ በብዛት የሚሸወደው «የሞተ ሰው ፎቶ» በሚለው ጽሑፍ ነው። የሞቱ ሰዎች ፎቶ በእርግጥ ይነሳ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን እንደተኙ ሆነው ነው፣ ብዙዎቹም ሕፃናት ናቸው። ከቆመ ሰው እግር ጀርባ ብቅ የሚለው የብረት መቆሚያ አስከሬን የሚሸከም አይደለም። በሕይወት ያለ ሰው እንዳይነቃነቅ የሚደገፍበት ነው። ነጣ ያሉ ዓይኖችም የሞት ምልክት አይደሉም፤ የዚያ ዘመን ኬሚካል ሰማያዊ ዓይንን አንጥቶ ነበር የሚያወጣው። ሻጮች ግን በዚህ ወሬ ዋጋውን እጥፍ አድርገው ይጠይቃሉ።

እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያው ብር ለቲንታይፕ ይሁን፤ የሥራ መሣሪያውን ይዞ የተነሳ ሰው ያለበትን ፈልጉ። ዳጌሮታይፑ ይቆያችሁ። ቀን ሲወጣለት ሰሌዳውንና መስታወቱን ዙሪያውን ያሸገው የጥንቱ ወረቀት ያልተቀደደበትን አንድ ምረጡ፣ ቤት ስትገቡም አትክፈቱት።