ኪራይ በቀኑ ለከፈለ ምን ይሰጠው? የጅማ አከራዮች ማበረታቻ ሲመዘን

ከመንደራ ቆጪ እስከ ቦሳ ኪቶ ግቢ ውስጥ ክፍል የሚያከራዩ ሰዎች ተከራይ በቀኑ እንዲከፍል የሚሞክሩት ብዙ ነው። ሁሉም ግን እኩል አይሠራም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ጸብ ይወልዳል።

አንደኛ የምናስቀምጠው የቀን ቅናሽን ነው። ኪራዩ 4,000 ብር ከሆነ፣ ወር በገባ እስከ 5 ለከፈለ 3,800 ብር ይሁን። ተከራዩ በዓመት 2,400 ብር ይተርፈዋል፣ ጥቅሙም በዚያው ወር በእጁ ይገባል። ያው 200 ብር «ያዘገየ ይጨምራል» ተብሎ ሲጻፍ ግን ያስቀይማል፤ በጅማ ደግሞ ዕዳ ላይ የሚጨመር ገንዘብ ወለድ ነው ብሎ የሚሸሽ ሰው ብዙ ነው። ኪራዩን መጀመሪያ ወደ 4,200 ሰቅሎ «ቅናሽ» ማለትም አያዋጣም። ተከራይ የጎረቤቱን ዋጋ ያውቃል።

ቅናሹ በቃል መቅረት የለበትም። ውሉ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «ተከራይ ኪራዩን ወር በገባ እስከ 5ኛው ቀን ወደ አከራይ ሒሳብ ካስገባ የዚያ ወር ኪራይ 3,800 ብር ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ 4,000 ብር ይከፍላል።» ቀኑ የሚቆጠረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑም ይጨመር፤ ብዙ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በቴሌብር የተከፈለ ገንዘብ መልእክት የሚመጣው በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ነው። ጥቅምት 5 ቀን 2018 የተከፈለው 15/10/2025 ተብሎ ይመጣል፣ ማታ 3 ሰዓት ደግሞ 21:00 ይላል። ይህን ቀድሞ ያልተነጋገረ አከራይ በሰዓቱ የከፈለውን ሰው ዘገየህ ብሎ ያስቀይመዋል። በስክሪንሾት ብቻም ቅናሽ አይፈቀድ፤ ምስል ይቀየራል። ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ስልክ አይተው የግብይት ቁጥሩን ደብተር ላይ ይመዝግቡ።

መክፈያ ቀኑ ራሱ ከተከራዩ ገቢ ጋር ካልገጠመ ማበረታቻው ባዶ ነው። የመንግሥት ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ስለሚገባ ለመምህርና ለጤና ባለሙያ እስከ 5 ያለው ጊዜ ይበቃል። ደመወዙ በፈረንጅ ወር ለሚከፈለው ግን ቀኑ ደመወዙ ከገባ በኋላ እንዲውል መገፋት አለበት። በጅማ መርካቶ አካባቢ በቀን ገቢ የሚኖረውን ሰው በወር ሁለቴ ግማሽ ግማሹን ማስከፈልና ቅናሹንም ለሁለት መክፈል ይሻላል።

በሰፊው የሚታሰበው «ዓመቱን ሙሉ በቀኑ ለከፈለ አንድ ወር ነጻ» ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ሲሠሩት ግን ደካማ ነው። ጥር ላይ አንዴ ያዘገየ ሰው ሽልማቱ ስለተቃጠለበት ከየካቲት በኋላ ለምን ይቸኩላል? በየሦስት ወሩ ቢቆረጥ፣ ለምሳሌ ሦስቱን ወር በቀኑ ለከፈለ ከአራተኛው ወር 500 ብር ቢቀነስለት፣ አንድ ስህተት ዓመቱን አያበላሽም። ጳጉሜን «በነጻ ሰጠሁህ» ማለት ደግሞ ማበረታቻ አይባልም፤ በወር የተከራየ ቤት ድሮም የሚከፈልበት ለ12 ወር ነው።

የስድስት ወር ቅድሚያ ለከፈለ ቅናሽ የሚሉም አሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በሚሠራበት ከተማ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር መብለጥ አይችልም። ስለዚህ ከመዋዋል በፊት አዋጁ በከተማው ይሠራ እንደሆነ ቀበሌ ወይም ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ መጠየቅ ግድ ነው።

መብራትን በተመለከተ፦ በቀኑ ለከፈለ ሽልማት ብለው በጋራ የካርድ ቆጣሪ ላይ የ100 ብር ካርድ ቢሞሉ ያዘገየውም እኩል ያበራበታል፣ በቀኑ የከፈለው ምን ተጠቀመ? መጀመሪያ ለየክፍሉ የራሱ ቆጣሪ ይግባ። ይህ ወጪ ነው፤ ነገር ግን «ማን ምጣድ አበዛ» የሚለውን የየወሩን ጭቅጭቅ ስለሚያስቀር ኪራይ የሚዘገይበትን አንድ ሰበብም ይዘጋል። ውኃ ግን ከዚህ ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ለዘገየ ተከራይ የሮቶውን ቧንቧ መዝጋት ልጆችን መቅጣት ነው፣ ሰውየው ቢከፍልም ቂሙ ይቀራል።

ስጦታ ከተፈለገ ቡና ጥሩ ነው፣ ጊዜው ከታወቀ። ኅዳር ላይ፣ አዲሱ ምርት በየቤቱ በሚገባበት ወር፣ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለጅማ ሰው ብዙም አይደለም። ያው ኪሎ የከረመው ቡና ባለቀበት ለእንቁጣጣሽ ወይም ዒድ በክረምት ሲውል ለዒድ ቢሰጥ ዋጋው ይታወቃል። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም በየበዓሉ እኩል መሆን አለበት፤ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው መርሳት ካለመስጠት ይከፋል።